ቅድመ አያቴን ፍለጋ



የዛሬው ታሪክ የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ታሪክ አይደለም። የአንዲት የጎጃም ገበሬ፣ የቅድመ አያቴ ታሪክ ነው። እሷ ማንበብ አታውቅም ነበር። ስለ እሷም የጻፈ የለም። ታዲያ ታሪኳ ከየት ተገኘ?

መነሻው የእናቴ ደብተር ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ የልጆች እናት ነበረች። ፊደል እንደለየች የራሷን ስም ጻፈች። ቀጥላ የእናቷንና የአያቷን ስም ጻፈች። ዓመተ ምሕረት ግን የለበትም።

ቅድመ አያቴ የተወለደችው "በሬ አልቆ ሰው በዶማ የቆፈረ ጊዜ" ነው ይባላል። ይህ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን ነው። ከውጭ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ እርሻ ቆመ። አፄ ምኒልክ እንኳ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን በእጃቸው ቆፍረዋል።

አጎቴ ግን "ለዐድዋ ዘማች ስንቅ አዘጋጅታለች" ይላል። የጎጃም ጦር ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር መዝመቱ እውነት ነው። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። እስቲ ቁጠሩት! ቢበዛ ስምንት ዓመቷ ነው። እንጨት ለቅማ ይሆናል፤ ስንቅ አዘጋጀች ማለት ግን ይከብደኛል።

እናንተም አዛውንት ስትጠይቁ "በስንት ዓመተ ምሕረት?" አትበሉ። "ጣሊያን ሲገባ እናትዎ አግብተው ነበር?" በሉ። ጣሊያን የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው።

በ1911 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባሏ ማርና ቅቤ በአህያ ጭኖ አዲስ አበባ ሄደ። በወሩ የኅዳር በሽታ ከተማውን መታው፤ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው አለቀ። ባሏም አልተመለሰም። አያቴ ያኔ ገና ጡት አልጣለችም።

የባሏ ወንድሞች መሬቱን ከለከሏት። ልጇን ታቅፋ ወደ እናቷ አገር ተመለሰች። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይገኝ ነበር። ነገር ግን ዘሩን ቆጥሮ ከመጀመሪያው ባለርስት መድረስ ያልቻለ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። እሷ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ የእናቷን ወገን አንድ ባንድ ቆጠረች። አንድም ስም አልሳተችም። ጭንጫ ቢሆንም መሬት ተሰጣት። አያቴ ያደገችው በዚያ መሬት እህል ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ርስት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለርስት ብሎ ዘር የሚቆጥር የለም። ስሞቹም እየተረሱ ሄዱ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ ስም የደረሰችበት አምስቱን ብቻ ነው።

የቅድመ አያቴን የክርስትና ስም የነገሩን አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ በተዝካሯ ቀን የተጠራው በዚያ ስም ነበርና። እናቴ እሱንም በእርሳስ ጨመረችበት።