ሐዋሳ ልምምድ ስታይ

ሐዋሳ በዕድሜ ከብዙዎቹ ታላላቅ ከተሞቻችን ታንሳለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስትቆረቆር የሲዳሞ መናገሻ ገና ይርጋለም ነበረች። ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ሐይቁ የተዘረጋው መሬት ደልዳላ ስለሆነ ልጅ ኳስ የሚያንከባልልበት ቦታ ማግኘት አያስቸግረውም። የከተማዋ እግር ኳስ ያደገው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። ባደገበት መንገድ ውስጥ ግን ብዙም የማይወራለት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቡድኑ ሲለማመድ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ነው።

ልምምድን ቆሞ ማየት በአገራችን ከክለቦቹ እኩል የቆየ ልማድ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ሲመሠረት አጥር ያለው የልምምድ ቦታ የሚባል ነገር አልነበረም። ጃን ሜዳ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ሰልፍ የሚታይበት፣ ጥምቀት የሚከበርበት ሜዳ ሆኖ ሳለ ኳስም ይለጋበት ነበር፤ መንገደኛውም ቆም ብሎ ያያል። ያኔ በተመልካቹና በተጫዋቹ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር።

በደርግ ዘመን ስፖርቱ ከሥር እስከ ላይ እንደ አዲስ ሲደራጅ ክለቦች በፋብሪካ፣ በመሥሪያ ቤትና በከተማ ተዋቀሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ በቢራ ፋብሪካው ስም የተጫወተበት ጊዜ አለ። የሐዋሳ ክለብ ለረጅም ዘመን የተጠራበት «ከነማ» የሚለው መጠሪያም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚባለው የዚያ ዘመን አደረጃጀት የተወረሰ ነው። ክለቡ ኋላ ላይ ሐዋሳ ከተማ ቢባልም፣ ደጋፊውም «ሐይቆቹ» ብሎ ቢያቆላምጠው፣ ባለቤቱ ከተማው መሆኑ አልተለወጠም። ደመወዙም ትጥቁም በአብዛኛው የሚሸፈነው ከከተማው አስተዳደር በጀት ነው። ስለዚህ ልምምድ ለማየት የሚመጣው ሰው በእንግድነት የመጣ አይደለም፤ የራሱን ቤት ሊያይ የመጣ ነው።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ሲጀመር ዋንጫውን የአዲስ አበባ ክለቦች ይዘውት ቆዩ፤ መብራት ኃይልና ቅዱስ ጊዮርጊስ ይቀባበሉት ነበር። ያንን የሰበረው ሐዋሳ ከነማ ነው። በ1996 በአሠልጣኝ ከማል አህመድ እየተመራ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሊጉ በዚህ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ከመዲናዋ ያስወጣ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። በ1999 ደገመው። ጅማ አባ ጅፋር፣ መቀለ 70 እንደርታና ፋሲል ከነማ ይህን መንገድ የተከተሉት ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይተው ነው።

ከሐዋሳ የወጡትን ተጫዋቾች ስናስብ የልምምዱ ሜዳ ትርጉም ይበልጥ ይገባናል። እዚሁ ተወልዶ በከነማ ማልያ የታወቀው አዳነ ግርማ ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳን ላይ ግብ አስቆጠረ፤ ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ጥር 13 ቀን ደግሞ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት የዛምቢያን መረብ የነካው እሱው ነው። ሽመልስ በቀለም የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ፔትሮጀትን ጨምሮ በግብፅ ክለቦች ለዓመታት ተጫውቷል። በከነማ የአማካይ ተጫዋችነቱ የሚታወቀው ሙሉጌታ ምሕረት ጫማውን ሰቅሎ በአሠልጣኝነት ወደ ክለቡ ተመልሷል። ለሐዋሳ ልጅ እነዚህ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። በጨዋታ ቀን የሚያየው ግቡንና ጭብጨባውን ነው፤ በልምምድ ቀን ግን ያው ተጫዋች አንዲት ኳስ በደካማ እግሩ ደጋግሞ ሲመታ፣ ሲስት፣ አሠልጣኙ አስቁሞ ቦታውን ሲያሳየው ያያል። በረኛው ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ብቻውን ሲወድቅና ሲነሣ ያያል። ይህን ያየ ታዳጊ ማታ በሰፈሩ ሜዳ ይሞክረዋል። ከየትኛውም የሥልጠና መጽሐፍ ይልቅ ይህ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

የአዋቂው ደጋፊ ነገር ሌላ ነው። እሱ የሚመጣው ለመመርመር ነው፤ አዲሱ አጥቂ ኳስ ሲመጣለት ሰውነቱ እንዴት ነው? ተጎድቶ የነበረው ተከላካይ ይሮጣል ወይስ ያነክሳል? ለሁለት ተከፍለው ሲጋጠሙ ቋሚዎቹ የትኞቹ ናቸው?

ሌላው ዓለም በዚህ ረገድ በሩን መዝጋት ከጀመረ ቆይቷል። ማንቸስተር ዩናይትድ ሳልፎርድ ውስጥ ከነበረው «ክሊፍ» የልምምድ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ካሪንግተን ሲዛወር፣ ተጫዋቾችን በር ላይ ጠብቆ ማስፈረም የለመደው ልጅ ሩቅ ቀረ። በሊቨርፑሉ ሜልዉድ የልምምድ ሜዳ አጥር ላይ ሰዎች በቆሻሻ ማጠራቀሚያ ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2020 ያንንም ለቀቀ። በአንጻሩ ብራዚል እ.ኤ.አ. ለ2006ቱ የዓለም ዋንጫ በስዊዘርላንዷ ቬጊስ ስትዘጋጅ ልምምዷ በትኬት ተሸጠ፤ ሜዳው የፌሽታ ቦታ ሆነ። በሩብ ፍጻሜው ፈረንሳይ 1 ለ 0 ስትረታት ብዙ ተቺ ጣቱን ወደ ቬጊስ ቀሰረ። አሠልጣኞች ልምምድ ለመዝጋት ሲፈልጉ የሚያነሡት ምሳሌ ይኸው ነው። እኔ ግን ጥፋቱ ሜዳው በመከፈቱ ነው አልልም፤ ልምምድ ትርኢት ሆኖ በመሸጡ ነው። ከፍሎ የገባ ሰው መዝናናት ይፈልጋል፤ በነጻ የቆመው የሐዋሳ ደጋፊ ግን ቡድኑ እንዲሠራለት ነው የሚፈልገው።

የእኛን አገር ሁኔታ የለወጡት ኮሮና እና ቴሌቪዥን ናቸው። የ2012 ውድድር ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተደርጎ ሲጀመር ጨዋታዎቹ በየክለቡ ሜዳ መካሄዳቸው ቀርቶ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። ሐዋሳ ከዚያ በኋላም ደጋግማ አስተናግዳለች። ለከተማዋ ይህ ሁለት መልክ አለው። ተራው ሲደርሳት የሊጉ ክለቦች በሙሉ ሆቴሎቿን ይሞላሉ፤ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ይለማመዳል፤ ነዋሪውም የማያውቃቸውን ቡድኖች በቅርብ ያያል። ተራው ሲያልፍ ግን የገዛ ቡድኗ ለወራት በሌላ ከተማ ካምፕ ይገባል። የጎንደር ደጋፊ ደግሞ ፋሲል ከነማን በደጁ ሳያይ ዓመቱ ያልቅበታል። ስለዚህ ዛሬ የሐዋሳ ሰው ቡድኑን በአካል የሚያገኝበት የተረጋገጠ ጊዜ የክረምቱ ዝግጅት ነው፤ ነሐሴና መስከረም። የጨዋታ ቀን ከደጁ በራቀበት ዘመን የልምምድ ቀን ብርቅ ሆኗል።

አሠልጣኝ የቆመ ኳስ ዘዴውን ሊደብቅ መብቱ ነው፤ ከጨዋታ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት በሩ ቢዘጋ ማንም አይከፋም። በዝግጅቱ ወቅት ግን በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ሜዳው በነጻ ይከፈት፤ የታዳጊ ቡድኖች ልጆችም ከመስመሩ አጠገብ እንዲቀመጡ ይደረግ። ይህ ክለቡን አንድ ብር አያስወጣውም። ደጋፊውም የበኩሉን ያድርግ፤ ልምምድ ላይ የሳተን ልጅ አይስደብ፣ ያየውንም አሰላለፍ በስልኩ ቀርጾ ለተጋጣሚ አያድርስ። የሐዋሳ ክለብ አመራሮች ሆይ፣ ቀኑን አሁኑኑ ወስናችሁ ለሕዝቡ ንገሩት።