ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችና ስለ ጎልማሶች ትምህርት

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የአሜሪካንን ኤምባሲ በማለፍ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያቀናው መንገድ፣ ዳገቱ ሳይበረታ ሽሮ ሜዳ ላይ በነጠላና በጥበብ ቀሚስ መደብሮች መካከል ስለሚያልፍ፣ ብዙው ሰው ስፍራውን የሚያውቀው በገበያነቱ ነው፤ እኔ ግን ላነሣ የወደድሁት፣ ዕድሜያቸው የተራራቀ ሰዎች በአንድ መምህር ሥር የሚማሩበት ልማድ በዚህ ተዳፋት ላይ እንዴት እንደ ኖረ ነው።

የሰፈሩ ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ይልቁንም ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የፈለሱ ናቸው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ በዶርዜ ግን ሽመና የወንድ ልጅ ወግ ስለ ሆነ፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ያለ ኀፍረት ይተላለፍ ነበር።

በሸማኔው ቤት አስተማሪው እግሮቹን ከመሸመኛው ሥር ወዳለው ጉድጓድ ሰድዶ፣ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲሰድ፣ አዲስ ገቢው ከጎኑ ተቀምጦ ማግ ያጠነጥናል፤ ቀጥሎ የተበጠሰ ድር መቀጠል፣ ከዚያም ጥለት የሌለው ተራ ሸማ መሥራት፣ በመጨረሻም የድሩን ክር በጣት እየቆጠሩ የሚያነሡበት ጥበብ ይመጣል። የጥለቱ ንድፍ በወረቀት የሰፈረ ሳይሆን በመምህሩ ኅሊና የታተመ ስለ ነበር፣ አንዱ አይቶ፣ ሌላው ቆጠራውን ሰምቶ፣ ሦስተኛው እጁን አስነክቶና ደጋግሞ አበላሽቶ ይይዘዋል፤ ከአገር ቤት ዘግይቶ የመጣው ጎልማሳም ከታዳጊው ጎን ያንኑ ማግ ከማጠንጠን ይጀምራል እንጂ በዕድሜው ምክንያት የሚዘለልለት ደረጃ የለም። ይህን ስል ልማዱን በሙሉ ማወደሴ አይደለም፤ ሙያ ትማራላችሁ ተብለው ከጋሞ የመጡ፣ ነገር ግን ያለ ደመወዝ ከንጋት እስከ ምሽት እንዲለፉ የተደረጉ ሕፃናት ነበሩና፣ ማስተማርና ማሠራት የተምታቱበት ቤት ጥቂት አልነበረም።

መዓርግን በዕውቀት እንጂ በዕድሜ አለመስጠት ለቤተ ክህነትም እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ሽበት ያወጣው መነኩሴ ከጎረምሳው ጋር ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ መወድስ ይወጣል፤ ቀድሞ የገባው ደቀ መዝሙርም፣ በዕድሜ ልጅ ቢሆን፣ የኋለኛውን ትልቅ ሰው ቅኔ ሰምቶ ያርማል።

ይህ የዕድሜ መገለባበጥ በአገር አቀፍ ደረጃ የታየው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ ነው፤ ተማሪዎች አባቶችንና እናቶችን ፊደል አስቆጠሩ፣ ትምህርቱም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ተጀምሮ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ በዩኒቨርሲቲነት የተመረቀው የስድስት ኪሎው ተቋምም የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን የከፈተው በዚያው በ1970ዎቹ መባቻ ሲሆን፣ በዐሥርቱ መገባደጃ የዶክትሬት መርሐ ግብር ጨመረ። በዚያም ብዙ ዓመት ያገለገለ ርእሰ መምህርና በቅርቡ የተመረቀ ወጣት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ መምህሩ አንዳንድ ጊዜ ከተማሪው በዕድሜ ያንሳል፣ አንዱ በክርክር፣ ሌላው ብቻውን በማንበብ፣ ሌላው ከሥራ ልምዱ በመነሣት ይማራል። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ገለጻ እኩል ለማድረስ መሞከር፣ በእኔ አስተያየት፣ የሸማኔው ቤት ያልሠራው ስሕተት ነው።

ከእነዚሁ ተማሪዎች አንዳንዶቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ስለ ሽመና ለመሥራት ደብተር ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ፣ የዕቃዎቹንም ስም ገና እየጠየቁ ከጉድጓዱ ዳር ይቀመጣሉ። ሥራው ሲጠናቀቅ አማካሪውና ፈታኞቹ በፊርማቸው ያጸድቁታል፤ ያስተማራቸው ሸማኔ ግን ቢበዛ በምስጋናው ገጽ ላይ ከሌሎች መረጃ ሰጪዎች ጋር በጅምላ ይነሣል።