ኩሽኔታና ቁልቁለት፦ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሕመም በታሪክ መነጽር

ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መንገደኛ ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚያወርደው አቅጣጫ ይጓዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ግን ከ2,000 ሜትር በታች ነው። በእንዲህ ያለ ዳገትና ቁልቁለት ዘመኑን ያሳለፈ ሞተር ብስክሌት ከሆዱ የማንኳኳት ድምፅ ሲያሰማ፣ «ኩሽኔታው አልቋል» የሚለው ፍርድ ፈጥኖ ይሰጣል። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የትኛው ኩሽኔታ እንዳለቀና ስለምን እንዳለቀ ሳይታወቅ ሞተር መፍታት ለባለንብረቱ ከባድ ኪሳራ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የኩሽኔታን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

ቃሉ የመጣው ከኢጣሊያንኛ ሲሆን ፍችው «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮንና ካቻቢቴም ከዚያው ቋንቋ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። ኢጣሊያኖች በዚህ አንድ ቃል ሁለት ዓይነት መሣሪያ ይጠሩበታል፤ ይኸውም ተንሸራታቹንና ተንከባላዩን ነው። የሁለቱ ታሪክ እንደሚለያይ ሁሉ የሕመማቸውም ምልክት ይለያያል።

ለተንሸራታቹ ኩሽኔታ መሠረት ከጣሉት አንዱ አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ለስላሳ ነጭ ብረት የተለበጠበትን ኩሽኔታ በስሙ አስመዘገበ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቦሻም ታወር ደግሞ በ1883 ይፋ ባደረገው ምርምር፣ በኩሽኔታው አናት ላይ የበሳውን ቀዳዳ በእንጨት ውታፍ ቢደፍነው ዘይቱ ውታፉን ገፍቶ እንዳወጣው ተመለከተ። በዚህም የሚሽከረከር ዘንግ በዘይት ግፊት ላይ ተንሳፍፎ እንደሚዞር ታወቀ። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ነገሩን በሒሳብ አስረዳ። እንግዲህ የተንሸራታች ኩሽኔታ ሕይወት የዘይት ግፊት ነው።

ተንከባላዩ በሌላ ጎዳና መጣ። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፊሸር በ1883 የብረት ኳሶችን እኩል አድርጎ የሚሞርድ መኪና ሠራ፤ ስዊድናዊው ስቬን ቪንግክቪስት በ1907 ከዘንጉ ዝንባሌ ጋር ራሱን የሚያስተካክል የኳስ ኩሽኔታ ፈለሰፈ። ይህ ዓይነቱ ኩሽኔታ ጥቂት ዘይት ስለሚበቃው፣ ዘይትን ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ለሚያገኘው ባለ ሁለት ምት ሞተር ተስማሚ ሆነ። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ሞተር ውስጥ የሚገኙበትም ጊዜ አለ፤ በ1937 የወጣው የትራያምፍ ስፒድ ትዊን ክራንክ ሻፍቱ በኳስ ኩሽኔታ ሲደገፍ፣ ቢዬላዎቹ ግን በነጭ ብረት ላይ ይንሸራተቱ ነበር።

ለደጋው ሰው ልዩ ትርጉም ያለው ነገር ከዚህ ላይ ይመጣል። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ በሚሞላበት ሞተር ነጂው ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ ይይዛል። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ቤንዚኑ ሲቀንስ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ኩሽኔታዎቹ ይደርቃሉ። ስለዚህ ዳገቱ ሞተሩን ቢያደክመውም ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። ያማሃ በ1964 ዘይቱን በተለየ ፓምፕ የሚያደርስ ዘዴ ማውጣቱ ጉዳቱን ቢያቃልልም፣ በቅልቅል የሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች ነጂ ግን በየመካከሉ ነዳጅ መስጫውን ጥቂት ከፈት ማድረግ አለበት።

ምርመራው እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ የፍሪሲዮኑ መያዣ ሲጨበጥ የሚጠፋ ድምፅ ከፍሪሲዮኑ ወገን መሆኑን መለየት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚቀንስ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የፒስተን ነው። ረጅም ካቻቢቴ ከሞተሩ አካል ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮ ማስጠጋት የድምፁን ምንጭ ያመለክታል፦ የክራንክ ሻፍት ኩሽኔታ ጉርምርምታ ያሰማል፣ እግር ማሳረፊያውም ላይ ይሰማል፤ የቢዬላ ኩሽኔታ ግን ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ያንኳኳል።

ጆሮ ያመለከተውን እጅ ማረጋገጥ አለበት። ሲሊንደሩ ተነሥቶ ቢዬላው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ መላወስ ከታየ ኩሽኔታው አልቋል፤ ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ ግን ከሥሪቱ ነው። የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚላወስ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የደጋፊዎቹ ኩሽኔታዎች ነው። በአራት ምት ሞተር የተቀዳው ዘይትም ምስክር ነው፤ ማግኔት የሚስበው ብናኝ የብረት ኳስ ወይም ማርሽ መበላቱን ሲያመለክት፣ ማግኔት የማይስበው ግራጫ ስባሪ ከነጭ ብረት ሊሆን ይችላል። ተንሸራታች ኩሽኔታ ባለበት ሞተር የዘይቱን ግፊት ሳይለኩ ፍርድ መስጠት አይገባም።

በላስታ ተራራ ላይ የተሰበረ ቢዬላ ነጂውን ከመንደር ርቆ ያስቀረዋል፤ ያለ በቂ ምርመራ የተፈታ ሞተርም የአንድን ቤተሰብ ጥሪት ይበላል። በመሆኑም የሙያ ባልደረቦቻችን ወጣት መካኒኮችን ሲያሠለጥኑ የመፍቻ አያያዝን ብቻ ሳያስተምሩ፣ የኩሽኔታውን ዓይነትና ሞተሩ የተመላለሰበትን መንገድ አስቀድመው እንዲጠይቁ ሊያስለምዷቸው ይገባል።