ከቆዳ ሥር ያለችው አይጥ

ላቲኖች ጡንቻን «ሙስኩሉስ» ሲሉት «ትንሿ አይጥ» ማለታቸው ነበር። «ሙስ» አይጥ ነው፤ የቀረው ማሳነሻ ቅጥያ። ክንድ ሲታጠፍ ከቆዳ ሥር እብጥ ብሎ የሚሮጠውን ነገር አይተው ሳይሆን አይቀርም። ግሪኮችም ለሁለቱ አንድ ቃል ነበራቸው፤ «ሚስ»። የሩሲያው «ሚሽጻ»ም ከአይጥ ስም የተወለደ ነው። እኛ ዘንድ «ጡንቸኛ» ሲባል ግን ሥጋው ይረሳና የሚፈራው ክንድ ብቻ ይታሰባል።

አይጧን ከነጉድጓዷ ያሳየው ድምፅ ነው። «አልትራ» በላቲን «ከዚያ ወዲያ» ነው፤ አልትራሳውንድም ጆሯችን ከሚሰማው ወዲያ፣ በሰከንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ ያለ ድምፅ። ጃፓናውያኑ ኢካይ እና ፉኩናጋ እ.ኤ.አ. በ1968 የክንድ ጡንቻን ስፋት በዚህ ድምፅ ለክተው ከጉልበት ጋር አስተያዩት።

አካልን ነክቶ የሚመለሰው ድምፅ «ኤኮ» ይባላል። በግሪክ ተረት ኤኮ ሄራ የራሷን ንግግር የነሣቻት፣ የሌላውን የመጨረሻ ቃል ብቻ የምትደግም ሴት ናት። አማርኛም «የገደል ማሚቶ» ብሎ በሴት ማቆላመጫ ጠርቷታል፤ ደስ የሚል መገጣጠም ነው። ሐኪም ቤት ግን ማሚቶ አልገባችም። እዚያ «ኢኮ» ከተባለ የልብ ምርመራ ነው።

የጡንቻ ጥራትም የሚነበበው ከዚሁ ተመላሽ ድምፅ ነው። ጤነኛ ጡንቻ ጥቂት ድምፅ ስለሚመልስ በምስሉ ላይ ይጠቁራል፤ ስብና ጠባሳማ ክር ሲገባበት፣ ጮማ በቀይ ሥጋ መሀል እንደሚታየው ይነጣል። ሄክማት እና ባልደረቦቹ በ1982 ይህን ንጣት በ4 ደረጃ ከፈሉት። በመጨረሻው ደረጃ ጡንቻው ከመንጣቱ የተነሣ ከሥሩ ያለው አጥንት ምላሹ ይጠፋል።

በእርጅና ለሚመጣው የጡንቻ መመንመን «ሳርኮፔኒያ» የሚለውን ስም ያወጣው አሜሪካዊው ኧርዊን ሮዘንበርግ ነው፤ በ1989 በጽሑፍ ወጣ። «ሳርክስ» ሥጋ፣ «ፔኒያ» ድህነት። ያማረ ስም ነው፤ ለእኔ ግን ግማሽ ስም ነው። ድህነት ማነስን ይናገራል እንጂ መለወጥን አይናገርም። የጭኑ ውፍረት ብዙም ሳይቀንስ ውስጡ በስብ የተተካ ሰው አለ፤ ሜትር ያልያዘውን ንጣቱ ያጋልጠዋል። የአውሮፓ ባለሙያዎች ቡድን በ2018 ትርጉሙን ሲከልስ ከመጠን ይልቅ ጉልበትን አስቀደመ፤ ጥራትንም ጨመረበት። ስሙን ግን አልነካውም።