የአንድ ቀን ገዥ

የፖለቲከኛ ፎቶ መቼም ያው ነው፤ መጨባበጥ፣ ፈገግታ፣ ማይክሮፎን። የባርባራ ጆርዳንን ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ሰነዶቿና ፎቶግራፎቿ በተማረችበት፣ ሂዩስተን በሚገኘው ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1966 ለቴክሳስ ግዛት ሴኔት ስትመረጥ፣ ከ1883 ወዲህ እዚያ የገባ ጥቁር አልነበረም። ከ31ዱ አባላት ሴትም ጥቁርም እሷ ብቻ። በቡድን ፎቶ ላይ እሷን ለማግኘት የግርጌ ጽሑፍ አያስፈልግም።

እኔን የሚይዙኝ የጁን 10 ቀን 1972 ፎቶዎች ናቸው። የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ስለነበረች፣ አገረ ገዥውና ምክትላቸው ከግዛቱ ሲወጡ ለአንድ ቀን ገዥ ሆነች። ነገሩ የክብር ወግ ነው፤ ቢሆንም ከእሷ በፊት በዚያች አገር እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠች ጥቁር ሴት የለችም። የባፕቲስት ሰባኪው አባቷ ይህን ሊያዩ ኦስቲን ድረስ መጡ። እዚያው ታመሙና በማግስቱ አረፉ። ፈገግታዋን ብቻ ያየ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

ሌላም አለ። ከ1973 ጀምሮ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ የነርቭ በሽታ ይዟት ነበር፤ ለሕዝብ ግን ትንፍሽ አላለችም። በ1976 በዴሞክራቶች ጉባኤ ቆማ የተናገረችው ሴት፣ በ1992 እዚያው ኒው ዮርክ፣ እዚያው አዳራሽ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ተናገረች።