ከኮሶ አበባ እስከ ኮምፒውተር

ውድ የአራት ኪሎ ጓደኞቼ፣

ዛሬ አዲስ መድኃኒት በኮምፒውተር ይፈለጋል ሲባል የሩቅ አገር ወሬ ይመስለናል። የታሪኩ አንዱ ጫፍ ግን እኛው ዘንድ ነው።

እኔ የአምደወርቅ ልጅ ነኝ። በእኛ በዋግም ሆነ በሌላው ደጋ ኮሶን የማያውቅ ሰው የለም። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ትሉን ጠራርጎ ያወጣል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጻፈ፤ በ19ኛው አበባው አውሮፓ መድኃኒት ቤት ገባ። ኋላም ኬሚስቶች ኮሶቶክሲንን የመሳሰሉ ውህዶች ለዩበት።

እንዶድም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው። ቀንድ አውጣ የሚገድለው ውህድ በኋላ ተለይቶ በስሙ ለማቶክሲን ተባለ። እሱም በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ የት ገባ? በሽታ አምጪው ተህዋስ ለመኖር የሚያስፈልገውን ፕሮቲን እንደ ጓጉንቸር፣ ውህዱን እንደ ቁልፍ አስቡት። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቁልፍ እያገላበጠ ጓጉንቸሩ ውስጥ ያስገባል፤ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ በጉልበት ሂሳብ ያሰላል። ከሺህ ውህድ ውስጥ ቤተ ሙከራ የሚገቡት ጥቂቶቹ ብቻ ይሆናሉ። የኤች አይ ቪ ፕሮቲዬዝ ቅርጽ በ1989 ታወቀ፤ ይህን ፕሮቲን የሚያግደው ሳኩዊናቪር በ1995 ተፈቀደ። በ2013 ደግሞ ካርፕለስ፣ ሌቪትና ዋርሸል ለዚሁ ስሌት መሠረት በመጣላቸው የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰዱ።

ስሌቱ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ኮሶም ቢሆን ከመጠን ሲያልፍ ይጎዳል፤ መርዛማነቱን የሚለየው ቤተ ሙከራና ሕክምና ነው። ይህ ፕሮግራም ያልተሰጠውን ቁልፍም አይሞክርላችሁም፤ መጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት።

ጉዳዩም እዚህ ላይ ነው። በ2019 የኢትዮጵያን ባህላዊ መድኃኒት የሚሰበስብ የመረጃ ቋት ወጣ፤ ከ1000 በላይ ዕፅዋትና ከ4000 በላይ ውህዶች ይዟል። ትልቅ ሥራ ነው። የተሰበሰበው ግን አስቀድሞ የተጻፈው ነው። የዋግ አዋቂ በኽምጣና የሚጠራው፣ ማንም ያልመዘገበው ዕፅ ከቋቱ ውጭ ነው። አዋቂው ሲያልፍ ስሙም አብሮት ይሄዳል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ውህዱም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ የፈጠነ ኮምፒውተር ቢመጣ ምን ሊያሰላ?

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ጡረታ የወጣችሁም ሥራ ላይ ያላችሁም፣ የትውልድ ቀያችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ። አዋቂውን አስፈቅዳችሁ የዕፁን ስም በአካባቢው ቋንቋ፣ የሚወሰደውን ክፍል፣ የተገኘበትን ቦታ ጻፉ፤ ናሙናውን አድርቃችሁ ለዩኒቨርሲቲያችን ሄርባሪየም ስጡ። የነገረን ሰው ስምም ይጻፍ፤ ጥቅም ቢመጣ ድርሻው እንዳይጠፋ። በሰላም ያገናኘን።