ጣተ ቆልማማው የማዱራይ ሐኪም

እስቲ ጠጋ በሉ! የዛሬው ወግ ከደቡብ ሕንድ፣ ከታሚል ናዱ ነው። ሰውየው ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ይባላሉ። ስሙ ምላስ ያስራል፤ ወዳጆቻቸውም «ዶክተር ቪ» ነበር የሚሏቸው፤ እኛም እንዲያው እንበል።

እንደ ፈረንጆቹ በ1918 ከገበሬ ቤት ተወለዱ። ሐኪም ሆነው ጦር ሠራዊት ሲያገለግሉ ክፉ ቁርጥማት ጣላቸው። ከአልጋ ሲነሡ ጣቶቻቸው እንደ ዝንጅብል ተቆልምመው ቀሩ። ሐሳባቸው ማዋለድ ነበር፤ በዚያ እጅ እንዴት ተደርጎ! ወደ ዓይን ሕክምና ዞሩ፤ ስለት አያያዝን እንደ አዲስ ተለማመዱ፤ በዚያው እጅ በዕድሜያቸው ከ100,000 በላይ የዓይን ቀዶ ጥገና ሠሩ።

በ58 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። አረፉ? የት አባቱ! ቤት አስያዙ፣ የቤተሰቡም ጌጥ መያዣ ገባ፤ በ1976 ማዱራይ ላይ 11 አልጋ ያላት አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ተከፈተች። ስድስቱ አልጋ ለማይከፍል ነበር።

አሁን ቀዶ ጥገና ክፍሉን በመስኮት እንይ። ሁለት አልጋ ጎን ለጎን አለ። በአንደኛው ላይ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ያወጣል፤ በሌላኛው ተረኛው ዓይኑ ታጥቦ፣ ፊቱ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ያኛው ሲያልቅ ሐኪሙ ማይክሮስኮፑን ያዞርና ወዲያው ይቀጥላል። ማጠቡን፣ መሣሪያ ማቀበሉን ከገጠር ተመልምለው የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ይዘውታል። ሐኪም ቆሞ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ዋጋው የሚረክሰውም በዚህ ነው።

ከፋዩ በገንዘቡ የግል ክፍልና ሻል ያለ አልጋ ያገኛል። የማይከፍለው ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ሐኪሞቹ ግን በሁለቱም ወገን በየተራ ይሠራሉ፤ የከፋዩ ገንዘብ የሌላውንም ይሸፍናል። «የድህነት ማስረጃ ከቀበሌ አጽፈህ አምጣ» የሚል የለም፤ የቱ ጋ እንደሚሰለፍ በሽተኛው ራሱ ይመርጣል። ምንጣፉ የሚከነክነው ሰው አይጠፋም። እኔን የሚከነክነኝ የማይከፍለው ለሌላ፣ ላነሰ ሐኪም እጅ ቢሰጥ ነበር።

ደግሞ ሌንሱ አለ። በሞራው ቦታ የሚገባው ሌንስ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ወደ 100 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ድሃው በወፍራም መነጽር ይሸኝ ነበር። በ1992 አውሮላብ የሚባል የራሳቸውን ፋብሪካ አቆሙና ዋጋውን ወደ 10 ዶላር ግድም አወረዱት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ «ነጻ ነው» ተብሎም፣ ብዙ ገጠሬ ቀረ። ለምን? የመሳፈሪያውን፣ የምግቡን፣ የአስታማሚውን ማን ይቻል! ስለዚህ ምርመራው ራሱ ወደ መንደር ወረደ፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውን እዚያው ለይተው፣ በአውቶቡስ አሳፍረው፣ አብልተው፣ አክመው ወደ መንደሩ ይመልሱት ጀመር።